የወይራ እንጨትና ዋሾዋ ሰሌዳ

መኪናዬን የገዛሁ ሰሞን ለሰው ሁሉ የማሳየው ወንበሯን ወይም ቀለሟን አልነበረም። ከመሪው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ነበር። መኪናዋ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ፣ ሃይብሪድ የሚሏት ዓይነት ናት። ሰሌዳዋ በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደበላች በቁጥር ትናገራለች። አራት ነጥብ አምስት ባለች ቁጥር ልቤ ቅቤ ይጠጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ ቤንዚን ለመቅዳት ግማሽ ቀን በምንሰለፍበት ዘመን እንዲህ ያለ ቁጥር ይዞ መዞር ጉራ ነው፤ እኔም ጉራዬን አልደበቅሁም። መድኃኒት ቤቴ የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ የመጣ ሰው እንኳ ይህን ሳይሰማ አልወጣም።

ያልደነቃቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ አባቴ። "ሰሌዳ ዋሾ ነው" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ እህል ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ፣ ጨውና ሳሙና ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም። አሁን ሰማንያን ተሻግረዋል። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶባቸዋል። ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው፤ ደረጃ የሚወርዱት በእግራቸው እየዳበሱ ነው። ግን "አላይም" የምትል ቃል ከአፋቸው አትወጣም። በጠራራ ፀሐይ "መብራቱ ደከመ ልበል?" ይላሉ።

ሐኪሙ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነግሮኛል። ሞራው ቢገፈፍ ያያሉ፤ ከዚህ በላይ ከዘገየ ግን ተስፋ አልሰጥሽም አለኝ። አዲስ አበባ ቀጠሮ አስያዝኩላቸው። እምቢ አሉ። መጀመሪያ ጾም ነው አሉ። ጾሙ ሲፈታ ክረምቱ ይውጣ አሉ። ክረምቱ ሲወጣ መኪናዬ ላይ አረፉ።

"በዚያች ዋሾ ተሳፍሬ አባይን አልሻገርም። መሃል በረሃ ላይ ነዳጅ ጨርሳ ትገትረኛለች።"

"አባባ፣ ሰሌዳዋ እኮ ስንት እንደበላች ሁሉ ትናገራለች።"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ። የሚናገር ሁሉ ይዋሻል። የማይዋሽ እንጨት ነው።"

የትኛውን እንጨት እንደሚሉ ቤታችን ያደገ ሁሉ ያውቃል። የድሮዋ የጭነት መኪናቸው የነዳጅ ቀስት እኔ ሳልወለድ ነው የሞተችው። አባቴ ታዲያ ከወይራ አንድ ክንድ ተኩል የምታህል ቀጥ ያለች እንጨት ጠርበው፣ ሰባት ቦታ በሰንጢ ቆርጠው ምልክት አደረጉባት። ነዳጅ መያዣው ውስጥ መስደድ፣ ማውጣት፣ እስከ ስንተኛው ምልክት እንደረጠበች መቁጠር፤ አለቀ። በሰባተኛው አዲስ አበባ ይገባል። በሦስተኛው ቅርባችን አማኑኤል ከተማ ደርሶ መመለስ ነው እንጂ ሌላ ነገር አይታሰብም።

የመቁጠሩ ሥራ የእኔ ነበር። "የልጄ ዓይን እያለ እኔ ምን አጎነበሰኝ!" ይሉ ነበር። እኔም በዚህች ሹመት እንዴት እንደምኮራ! ጠዋት እንጨቷን አነብላቸውና ናፍጣ የሸተተ እጄን ይዤ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ልጆቹ "ናፍጣ" እያሉ ያሾፉብኛል። ያሹፉ! የአባቴ ሽታ ነዋ። ዛሬም ማደያ አጠገብ ሳልፍ ናፍጣ ከሸተተኝ መስኮቴን አልዘጋም፤ እንዲያውም ዝቅ አደርገዋለሁ። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። አሁን ሁሉም ነገር ራሱ ይናገራል፤ ያኔ ግን ጎንበስ ብሎ ማየት የሰው ሥራ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አባቴ እንጨት እንጨት ሲሉብኝ ጊዜ ደሜ ፈላና "እንወራረድ!" አልኳቸው። ውርርድ ይወዳሉ። በእነሱ ዘመን ሰው ሲከራከር ማር ወይም በቅሎ እየጠራ ነበር የሚወራረደው።

"በምን?" አሉኝ፣ ፊታቸው በራ።

"ከተረታሁ የሐኪም ነገር ሁለተኛ አላነሳብዎትም። ከተረቱ ደግሞ አዲስ አበባ ይሄዳሉ።"

"በዓይኔ ልትወራረጂ ነዋ!"

"በዓይንዎ።"

"ዳኛ ጥሪ" አሉ።

ዳኛው ሌላ ማን ይሆናሉ፣ ሐጂ ናቸው እንጂ። ሐጂ የምንላቸው ገበያው ውስጥ እህል የሚነግዱ የአባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ ስንት ዓመት ጤፋቸውን በአባቴ መኪና ጭነዋል። በማግስቱ መጥተው ውሉን አሰሩት። መጀመሪያ መኪናዋን እስከ አፏ እንሞላታለን። ደጀን ደርሰን እንመለሳለን። እዚያው ማደያ፣ እዚያው ቦታ ቆመን እንደገና እስከ አፏ እንሞላታለን። ሁለተኛ የገባው፣ የበላችው እሱ ነው። ሰሌዳዋ ከምትለው ጋር ያለው ልዩነት ከግማሽ ሊትር ካላለፈ እኔ ረታሁ፤ ካለፈ አባቴ ረቱ። ሐጂ እጅ ለእጅ አማቱን።

መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቀን አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ ቀጂው ሞላሁ ብሎ ሊነቅለው ሲል አባቴ "ቆይ!" ብለው ወረዱ። ጣሪያዋን ይዘው ግራ ቀኝ ያወዛውዟት ጀመር። የድሮ ሾፌር ሁሉ እንዲህ ነው፤ መኪና ሲወዘወዝ ነዳጁ ይረጋል፣ ሌላ ትንሽ ይጨምራል። ሐጂም በዚህ በኩል ያዙ። ሁለት ሽማግሌ አንዲት ምስኪን መኪና እንደ ቅል ሲንጡ ሰልፈኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አፈርኩ። ቢሆንም ጠብ ጠብ እያለ ሌላ ገባባት።

"ስንመለስም ልክ እንዲሁ" አሉ አባቴ እያለከለኩ። "ፍትሕ ማለት ይህ ነው።"

ከከተማ እንደወጣን ሞተሯ ጸጥ አለ፤ በባትሪ መሄድ ስትጀምር እንዲህ ናት። አባቴ ከወንበሩ ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

"ጠፋችብሽ!"

"አልጠፋችም አባባ፣ በባትሪ እየሄደች ነው።"

"ድምፅ ሳያሰማ የሚሄድ ሬሳ ብቻ ነው! በስመ አብ!"

ቁልቁለት ባገኘን ቁጥር ደግሞ "ፎሌ አድርጊ! ፎሌ!" ይሉኛል። ማርሹን ነቅለሽ በገዛ ክብደቷ ልቀቂያት ማለታቸው ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ እነሱ እንዲያ ነበር የሚወርዱት። ቁልቁለት ላይ ባትሪዋን ራሷ እንደምትሞላ ነገርኳቸው። ሐጂ ከኋላ ሆነው "ቁልቁለት ላይ ትወልዳለች በያቸዋ! ወላሂ ይህቺ መኪና ላም ናት!" ብለው አሳቁን። አባቴ አልሳቁም። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሞተሩን ያዳምጣሉ።

አምበር ከተማን አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ሜዳው ላይ፣ መኪናዋ እንደገና ጸጥ አለች። በዚህ ጊዜ አባቴ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ዞሩ፤ እንደማያዩ አውቃለሁ፣ ግን ዞሩ። የት እንደደረስን ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ነው፣ ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ የአባቴ መኪና ነዳጅ ጨርሳ የቆመችው።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። የከተራ ዕለት ጠዋት ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እንዲሉ፣ እናቴ ነጭ፣ ጫፉ ቀይ ጥለት ያለው ቀሚስ አሰፍታልኝ ሳልጠብቅ በከተራው ለብሼዋለሁ። ከደጀን ሰው መጣ። "እናትዎ በጣም ታመዋል፣ ይድረሱ" አለ አባቴን። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ አባቴ ወዲያው ገብቷቸዋል፣ እኔ ግን ልጅ ነኝ፣ ምን አውቄ። ታቦታቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ስለሚወርዱ ቀብሩ ከዚያ በፊት ይፈጸማል። አባቴ ጋቢያቸውን እየደረቡ "ልጄ፣ ነዳጁን እይልኝ!" ብለው ጮኹ።

እንጨቷን ይዤ መኪናዋ ጎን ቆምኩ። ክዳኑ ዙሪያ ናፍጣ ጥቁር ብሎ ይታየኛል። ቀሚሴን አየሁት። ትናንት ጠዋት አምስተኛው ላይ ነበረች፤ አምስተኛው ደግሞ ደጀን አድርሶ ይመልሳል። ትናንት ከሰዓት በኋላ አባቴ ወዲያ ወዲህ ሲጭኑ መዋላቸውን አላሰብኩትም። ክዳኑን ሳልነካ "አምስተኛው ላይ ነው!" ብዬ ጮኽኩና እንጨቷን መኪናው ውስጥ ቦታዋ መለስኳት።

"ተባረኪ!" አሉኝና ሄዱ።

ደጀን በእግር ሦስት ሰዓት ሲቀረው መኪናዋ ቆመች። በዓል ነው፤ ሾፌር ሁሉ ቤቱ ገብቷል፣ መንገዱ ላይ አንድ መኪና የለም። በእግራቸው ሄዱ። ሲደርሱ ሰው ከቀብር ሲመለስ ተገናኙ። እናታቸውን አፈር ሳያለብሱ ቀሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ቤት ሲመጡ እንጨቷን ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀሏት፤ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እሷን እያወረዱ ነዳጁን ጎንበስ ብለው የሚያዩት ራሳቸው ሆኑ። ምንም አላሉኝም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ስንቁን አላውቅም፤ ውሸቱ ግን እኔ ላይ ሲከብድ ነው የኖረው።

ደጀን ገብተን ሻይ ጠጣን። አባቴ አያቴ ያረፉበት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አቁሚኝ አሉ። ወርደው በሩን ተሳልመው፣ ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ቆዩ። እኔ መሪዬን ይዤ ተቀምጬ የሰሌዳዋን ቁጥር ሳይ ነበር። አራት ነጥብ አምስት ትላለች። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ያስጠላኝ ቁጥር የለም።

ማርቆስ ተመልሰን እንደገና ተሰለፍን፤ በአንድ ቀን ሁለት ሰልፍ፣ ጉድ እኮ ነው። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ተራችን ደረሰ። የሄድነው ልክ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰሌዳዋ አሁንም አራት ነጥብ አምስት ትላለች፤ እውነቷን ከሆነ ስድስት ነጥብ ሦስት ሊትር መግባት አለበት። ቀጂው ሞላ። ሽማግሌዎቹ ወርደው ናጧት። ጠብ ጠብ አለ። ቀጂው ቱቦውን ነቅሎ ክዳኑን ዘጋና ከኋላዬ ካለው ሰልፈኛ ሒሳብ ሊቀበል ዞረ።

"ስንት ይላል?" አሉ አባቴ።

ሐጂ ወደ መቅጃው ማሽን ተጠግተው ዓይናቸውን አጠበቡ። ኪሳቸውን ደባበሱ። "ያ ረቢ! መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ።"

"ምን ዓይነት ዳኛ ነህ አንተ?"

"አንተስ ምን ዓይነት ሾፌር ነህ? ልጅቷ ታንብበው እንጂ።"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር ስድስት ነጥብ ዘጠኝ ነው። ሰሌዳዋ ከነገረችኝ በስድስት አሥረኛ ይበልጣል። ከግማሽ ሊትር በአንድ አሥረኛ አለፈ ማለት ነው። እኔ መድኃኒት የምመዝን ሰው ነኝ፤ አንድ አሥረኛ ሊትር ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ የሻይ ብርጭቆ አይሞላም። በዚያች ጭላጭ የአባቴ ዓይን ሊቀር ነው። "ስድስት ነጥብ ሰባት" ብል ማን ያውቃል? አባቴ አያዩም። ሐጂ መነጽር የላቸውም። ነገ አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ ያያሉ። ለክፉ አይደለም፣ ለእሳቸው ነው።

አፌን ከፈትኩ። አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቁኛል፤ ልክ እንደ ያኔው፣ ጋቢያቸውን እየደረቡ እንደጠበቁኝ።

"ስድስት ነጥብ ዘጠኝ" አልኩ።

"ዘጠኝ?"

"ዘጠኝ። ተረታሁ።" እንባዬ መጣ። ማደያ መሃል፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላኝ ሴት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

መኪናዋን ከሰልፉ አውጥቼ ጥግ አቆምኳት። አባቴ ክንዴን ዳብሰው ያዙ። "ምን ያስለቅስሻል? በመኪና ነው?"

"አባባ፣ ያን ጊዜ፣ የከተራ ዕለት... አላየሁትም ነበር። እንጨቷን አልነከርኳትም። ቀሚሴ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው።"

"ደረቅ ነበረች" አሉ አባቴ።

"ምን?"

"እንጨቷ። መኪናዋ ቀጥ ስትልብኝ መጀመሪያ ያነሳሁት እሷን ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረቅ። ናፍጣ በአንድ ጠዋት አይደርቅም።"

"ታዲያ አርባ ዓመት ሙሉ... ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? በአዲስ ቀሚስ የምትዘይ ልጅ! ብቆጣሽ በየከተራው ስታለቅሺ ትኖሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ፤ ልጄን ደግሞ በቁሟ ልቅበራት?" ትንሽ አሰቡና "ለመሆኑ አለቀስሽ ወይስ አላለቀስሽም?" አሉኝ።

"በየዓመቱ።"

"ይኸው! በከንቱ ነዋ ዝም ያልኩት!" አሉ። እጃቸው ግን ክንዴ ላይ እንዳለ ነው።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ፍርድ ግን ፍርድ ነው። ሰሌዳዋ ዋሽታለች። አንተ ረትተሃል።"

"ረቺ ያዝዛል አይደለም?"

"ያዝዛል።"

"እንግዲያው ቀጠሮውን እንደገና ያዢ" አሉኝ አባቴ። "መኪናዋስ ዋሾ ናት፣ ነግሬሻለሁ። የምታነብልኝ ካልዋሸች ግን አባይን እሻገራለሁ።"

በሁለተኛው ሳምንት ሄድን። እንጨቷን ከግድግዳው አውርደው ጭናቸው ላይ አጋድመው ነው የሄዱት። ያቺን ጠባብ የነዳጅ ቀዳዳ እንደማታልፍ ነገርኳቸው። "ለእሷ አይደለም፣ ለእኔ ነው" አሉ። ሐኪሙ መጀመሪያ አንዱን ዓይን፣ ሰንበት ብሎ ሌላውን ገፈፈ። ፋሻው ሲነሳ ሐኪሙን አይተው "አንተ ልጅ ነህ እንዴ? ባውቅ አልመጣም ነበር!" ብለው አሳቁት።

ስንመለስ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከአዲስ አበባ ወጥተን ብዙ ሳንሄድ፣ ከጥቁር መነጽራቸው በላይ አጮልቀው ወደ ሰሌዳዋ ጎንበስ አሉ።

"አራት፣ ነጥብ፣ ስድስት" ብለው አነበቡ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ እየለዩ። "ትንሽ ጨምሪበት። ውሸታም!"

እኔ ሳቅሁ፤ ነጠላዬ ከጸጉሬ ላይ ሸርተት አለ። እሳቸው ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ሳቄ እስኪያልቅ አዩኝ።

"ጸጉርሽ ሸብቷል እኮ" አሉ።

"ቆየ እኮ፣ አባባ።"

"ማንም አልነገረኝም።"

እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ሰሌዳዋን ረስተው እኔን እኔን ሲያዩ ሄዱ።